ሽቅብ የሚሄድ ዓሣ አይያዝም

ጋሽ ሂርጳን መገናኛ ላይ ውሸታም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ይኼን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

የማነ እባላለሁ። ባንክ ቤት ነው የምሠራው፤ ቤቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በየቀኑ መገናኛ ድረስ የምታመላልሰኝ አንዲት አሮጌ ቪትዝ አለችኝ። መንገድ ላይ አንድ ሚስማር ቢኖር እሷ ታገኘዋለች። እንዲህ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ሚስት ባይኖረው እንኳ ጎሚስታ ሊኖረው ግድ ነው። እኔ ሚስት የለኝም፤ ጋሽ ሂርጳ ግን አለልኝ።

ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስለው "ተው እባክህ፣ አንቱታ ጎማ አይነፋም" ብሎ አስቆመኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጋሼም እለዋለሁ፣ አንተም እለዋለሁ። ተወልዶ ያደገው እዚያው የካ አባዶ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይታሰብ፣ አባቱ ገብስና ባቄላ በሚያርሱበት ዘመን። የእኔ ብሎክ የቆመው የእነሱ ማሳ ላይ ነው። "አንተ ሳሎን ውስጥ እኮ እኔ ባቄላ ለቅሜበታለሁ" ይለኛል እየሳቀ። ይክፋው አይክፋው አላውቅም፤ ቢከፋውም ለእኔ አያሳየኝም። መሬቱ ከሄደ በኋላ መገናኛ አንድ ጥግ ይዞ፣ ኮምፕሬሰሩንና ግማሽ በርሜል ውሃውን ደቅኖ ጎማ መለጠፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። እሑድ ብትሄዱ አለ፣ በዓል ብትሄዱ አለ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ አንድ ልጁን ጋዲሴን ያሳደጋት እዚያ በርሜል አጠገብ ነው ማለት ይቻላል፤ የቤት ሥራዋን የምትሠራው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ጎማዬን እስኪለጥፍልኝ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ሳልመን የሚሉት ዓሣ ነው። ከባሕር ይነሳና ወንዙን ሽቅብ እየቀዘፈ፣ ፏፏቴ እየዘለለ፣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ተወለደበት ቦታ ይመለሳል፤ ድብ ደግሞ አፉን ከፍቶ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ተደንቄ ለጋሽ ሂርጳ አሳየሁት። አየት አደረገና "ይኼማ እኛም ጋ አለ" አለኝ። የት ነው ስለው ከእንጦጦ ጀርባ፣ እናቱ አገር አክስቱ ጋ፣ ክረምቱ ሊወጣ ውሃው መጥራት ሲጀምር ዓሣው ወንዙን ሽቅብ እንደሚወጣ፣ ትንሿ ፏፏቴ ላይ ሲዘል ልጅ ሆኖ በዓይኑ እንዳየ ነገረኝ። የጎደለን ድቡ ብቻ ነው አለ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ወረፋ ለሚጠብቁት የታክሲ ሾፌሮች "ሰማችሁ? እንጦጦ ላይ ሳልመን አለ" አልኳቸው። ሳቁ። አንደኛው፣ ካለ አንድ ይዘህ ናና እንይ አለው። ጋሽ ሂርጳ ኮስተር ብሎ "ሽቅብ የሚሄድ ዓሣ አይያዝም። እርጉዝ ነው። በእናቴ አገር ነውር ነው" ብሎ መለሰ። ይኼኔ ሳቁ ባሰ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው ተባለ። ስም ያወጣሁለትም እኔው ነኝ፤ ቁርጡሚ አልኩት፣ በኦሮምኛ ዓሣ ማለት ነው። ቃሉን ያስተማረኝ ራሱ ነበር። በሳምንቱ መገናኛ ሙሉ "ሂርጳ ቁርጡሚ" ይለው ጀመር። ሰው ትንሽ ካጋነነ "ቁርጡሚ አታውራ" ይባል ነበር።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልዱ ግን ጋዲሴ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደ፤ ከሾፌሮቹ የአንዱ ልጅ እሷ ክፍል ነበር የሚማረው። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነች። የውሸታሙ ልጅ ብለዋት እያለቀሰች ገባች። ጋሽ ሂርጳ ሥራ ከጀመረ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን ዘግቶ፣ ልጁን ይዞ እንጦጦን ተሻገረ። ከጠዋት እስከ ማታ ፏፏቴዋ ሥር ቁጭ ብለው ዋሉ። አንድ ዓሣ አልታየም። ከዚያን ቀን በኋላ ልጅቷ ወደ በርሜሉ ዝር ብላ አታውቅም። አባቷን ትወደዋለች፣ ሞቼ እገኛለሁ ትልለታለች፤ የሚነግራትን ግን አታምነውም። ዝናብ ሊመጣ ነው ቢላት እንኳ ወጥታ ሰማዩን አይታ ነው ጃንጥላ የምትይዘው። ይኼን የነገረኝ እየሳቀ ነበር። እኔ ግን የዚያን ቀን መልሴን ሳልቀበል ሮጬ ሄድኩ፣ እሱን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ።

ዘንድሮ ጋዲሴ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ጅማ ሥራ አገኘች፤ ከአዲስ ዓመት በኋላ ትሄዳለች። ጳጉሜን ሊገባ ሰሞን ጋሽ ሂርጳ ጎማዬን እየነፋ "ሳትሄድ አንዴ ላሳያት" አለኝ። ባይኖርስ ብዬ ጠየቅኩት። አለ፣ አለኝ። አንተም ትመጣለህ አለኝ። የዓመት ፈቃዴ ሊቃጠል ጥቂት ቀን ነበር የቀረው፤ ባይቀረውም እሄድ ነበር። ጋዲሴን ያሳመናት ግን ዓሣው አይደለም። አባቷ አራት የሲኖትራክ የውስጥ ጎማ አዘጋጅቶ፣ እዚያ ላይ ተቀምጠን ወንዙ እንደወሰደን እንወርዳለን ብሏት ነው። ለጎማው እመጣለሁ፣ ዓሣ የሚባል ግን እንዳታነሳብኝ አለችው።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄድን። ረዳቱ ማዳበሪያ ውስጥ የተጠቀለሉትን ጎማዎች አይቶ የት ልትነግዱ ነው ቢለን፣ ጋሽ ሂርጳ ወንዝ ላይ ልንጋልባቸው ነው አለው። ረዳቱም ይኼ ሰውዬ ቀልደኛ ነው ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እውነት ተናግሮ የሚሳቅበት ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

ዳገቱን በእግር ወጣነው። ወንበር ላይ የተቀመጥኩባቸው ዓመታት በሙሉ እዚያ ዳገት ላይ ተቆጠሩብኝ። ጋሽ ሂርጳ ሁለት ጎማ ተሸክሞ እያፏጨ ይወጣል። ጋዲሴ ዞር እያለች "ባንክ፣ አለህ?" ትለኛለች፤ እኔ መልስ ለመስጠት እንኳ ትንፋሽ አጣሁ። ራጉኤል ስንደርስ ተሳለምን። ጋሽ ሂርጳ ቆቡን አውልቆ ብዙ ቆየ፤ ምን እንደለመነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እንጦጦ አላውቀውም ነበር። ለካ ከተማው በአንድ ጎን ብቻ ነው ያለው! ዛፉን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር የመኪናው ድምፅ ጠፋ፤ ሜዳው ከፊታችን አረንጓዴ ሆኖ ተዘረጋ፤ አየሩ ሲተነፍሱት ይጣፍጣል። ካፊያ ጀመረ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ብለን አልተጠለልንም። ጭቃው አንሸራተተኝና በመቀመጫዬ ሃያ ሜትር ያህል ወረድኩ። ጋዲሴ ሆዷን ይዛ ስትስቅ መጀመሪያ ደሜ ፈላ፣ ልጮህባትም አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሱሪዬን ዞሬ ሳየው ግን የራሴ ሳቅ ቀደመኝ። እንደዚያ ከሳቅኩ ስንት ዓመቴ ነው!

ወንዙ ዳር የጋሽ ሂርጳ አክስት ጎረቤት የነበሩ አዴ ዳርቱ የሚባሉ አሮጊት አሉ። ስልካችንን፣ ጫማችንንና ምሳችንን እሳቸው ጋ አስቀመጥን። ከጋሽ ሂርጳ ጋር በኦሮምኛ ብዙ አወሩ። ምን አሉ ብዬ ጋዲሴን ስጠይቃት፣ "ዓሣው ተቀይሞናል፣ ከመጣ ስንት ዘመኑ ነው ይላሉ" አለችኝ መሬት መሬት እያየች። ጋሽ ሂርጳ ግን ወደ ፏፏቴዋ መሄድ ጀምሯል።

ፏፏቴዋ የአንድ ሰው ቁመት ታህላለች፤ ከሥሯ ጥርት ያለ ኩሬ አለ። ሦስታችንም ድንጋይ ላይ ተደርድረን ኩሬው ላይ አፈጠጥን። አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ቅጠል ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። እንቁራሪት ዘለለች፤ እሷንም ዓሣ ናት ልል ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ሂርጳ ዓይኑን አልነቀለም። እኔ በዓሣው ተናደድኩ፤ አንድ እንኳ፣ አንዲት ጣት የምታህል እንኳ፣ ምን ነበረበት ብትወጣ? በመጨረሻ ጋዲሴ ተነስታ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

"አባዬ፣ ይበቃል። እኔ ምንም አላልኩህም እኮ። ና፣ ጎማውን እንንፋ።"

ብትቆጣው ይሻለው ነበር። እንደ ታማሚ ነው ያባበለችው። ጋሽ ሂርጳ እሺ ብሎ ተነሳ፤ የእጅ መንፊያውን አውጥቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ነፋ።

ውሃው ላይ ስንወጣ ግን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሐዘኑም ምኑም ጠፋ። እኔ ዋና አልችልም፤ ውሃው ወገብ ድረስ ነው ቢሉኝም ጎማዋን አንገቷን እንዳቀፍኳት ነበር። ወንዙ ያዘና ወሰደን። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች መቀመጫችንን ይዳስሳል፤ ጠመዝማዛው ላይ ጎማዋ እንደ እንዝርት ትሾራለች፤ ዳር ዳሩን ያሉት ላሞች ሳራቸውን ትተው ያዩናል። ጋዲሴ እጇን ዘርግታ ትጮሃለች። ጋሽ ሂርጳ ከፊት ሆኖ፣ በአንድ እግሩ ድንጋይ እየገፋ፣ ትርፉን ጎማ በገመድ እየጎተተ መንገድ ያሳየናል፤ ግራ ያዙ፣ እግራችሁን አንሱ ይላል። ዞሬ ሳየው ፈገግ ብሏል። እኔ ወይኔ ጉዴ እያልኩ፣ እየሳቅኩ፣ ውሃ እየጠጣሁ ወረድኩ። ደግመን ከላይ እንጀምር ብዬ ስለምን ራሴን ሰማሁት።

ግማሽ ሰዓት እንደወረድን ከፊታችን መንገድ ታየ። ጥርጊያ መንገድ ነው፤ ወንዙ ከሥሩ በአንድ ሰፊ የሲሚንቶ ቱቦ ያልፋል። ጋሽ ሂርጳ ውረዱ፣ ቱቦው ይስባል ብሎ ጮኸ። ወደ ዳር ወጥተን ጎማዎቻችንን ተሸክመን መንገዱን ተሻገርን። ይኼ መንገድ በልጅነቴ አልነበረም አለ፤ የዛሬ ስምንት ዓመትም እስከዚህ ድረስ አልወረዱም ነበር። ጋዲሴ በወዲያኛው በኩል ጎማዋን ውሃው ላይ ልታደርግ ቀድማ ወረደች። ወርዳ ጎንበስ አለች።

"አባዬ" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ግን "አባዬ! ና!"

ቱቦው ውሃውን ከጭን በላይ ከሚሆን ከፍታ ነው የሚተፋው፤ ከሥሩ ኩሬ ተቆፍሯል። ኩሬው በዓሣ ተሞልቷል። ጀርባቸው እላይ እላይ ይታያል፣ ክንድ የሚያህል አለ። አንዱ ይዘላል፣ ሲሚንቶውን ይመታል፣ ይወድቃል። ሌላው ይዘላል፣ ይወድቃል። ውሃው እንደ ሽሮ ይፈላል። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፤ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ራሴን አገኘሁት፤ ዓሣው ባቴን እየገፋ ያልፋል። አንዱን በእጄ ላወጣው ምንም አልቀረኝም። አንድ ብቻ፣ ለመገናኛ፣ የሾፌሮቹን አፍ የሚዘጋልን!

"እጅህን አንሳ" አለኝ ጋሽ ሂርጳ። "ሽቅብ እየሄደ ነው።"

ተናደድኩ። ስምህ ነው እኮ፣ ስምህን ላጥብልህ ነው እኮ አልኩት። ወይ ፍንክች። እጄን አነሳሁ።

እሱ እንደ እኔ አልጨፈረም። ኩሬው ዳር ተንበርክኮ ቆየ። አንዳንዶቹ አፍንጫቸው በሲሚንቶው ተልጧል። "እኔ እላይ ፏፏቴው ጋ ስጠብቃቸው፣ እነሱ እዚህ ታች ናቸው" አለ፤ ለእኛ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ጋዲሴ አጠገቡ ቁጭ ብላ ክንዱን ያዘች። ይቅርታ ልትለው መሰለኝ። እሱ ግን አልጠበቃትም፤ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች እያየ ነበር፣ የተነፈሰ ጎማ ሲያይ እንደሚያየው።

ከዚያ ከኪሱ ቢላዋ አወጣና ጎማዬን ቀደደው። ጋሽ ሂርጳ! ሲለጥፍ እንጂ ሲቀድ አይቼው አላውቅም። ጋዲሴ ገና ሁለት ሰዓት የምንሄድበት ወንዝ አለ እኮ ብላ ልትከለክለው ሞከረች። የእሷንም ተቀብሎ ቀደደ። ክቡ ጎማ በአንድ ቦታ ሲቆረጥ ረጅም ከረጢት ይሆናል። አንዱን ጫፍ በገመድ አስሮ ጠጠርና አሸዋ ሙሉ አለን። በእጃችን እየዛቅን ሞላነው። ሌላኛውን ጫፍ አሰረ። አራቱንም እንዲሁ አደረግን፤ ጥፍሬ ተነቀለ፣ ግድ አልሰጠኝም። የኩሬው ውሃ በሚወጣበት ጠባብ ቦታ ላይ እየጎተትን ደረደርናቸው፤ ስንጥቁን ሣርና ጭቃ ጠቀጠቅንበት። የት እንደሚያፈስ ነጋሪ አያስፈልገውም፤ መዳፉን አስጠግቶ ያገኘዋል።

ውሃው መነሳት ጀመረ። አንድ ጣት፣ አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር። ወደ ቱቦው አፍ እየተጠጋ ሲመጣ የላይኛው ከረጢት ተንሸራተተ። ጋሽ ሂርጳ ወደ ታችኛው በኩል ዘሎ ወርዶ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለ፤ ጀርባውን ከረጢቱ ላይ አስደግፎ፣ እግሩን ከድንጋይ ጋር ወጥሮ ያዘው። ከተነሳ ሁሉም ይናዳል። ፊቱ ወደ ታች ስለዞረ ግን ቱቦውም ኩሬውም አይታየውም። ጋዲሴ ነገሩ ገባትና መንገዱን ሮጣ ተሻገረች፤ ዓሣው በሚወጣበት በላይኛው የቱቦ አፍ ላይ በሆዷ ተኛች።

አንዱ ዘለለ። ወደቀ። ሌላ ትልቅ መጣ፣ ጅራቱን አንዴ ቢያወራጨው ቱቦው ውስጥ ገባና ጨለማው ዋጠው። ገባ፣ ገባ ብዬ ጮህኩ። ሁለተኛውም ገባ። ጋሽ ሂርጳ ወጣ ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። ቱቦው ረጅም ነው፣ ውሃው ኃይለኛ ነው፤ ተመልሶ ሲወድቅ አየው ይሆናል ብዬ የቱቦው አፍ ላይ አፈጠጥኩ። ጋሽ ሂርጳ ከንፈሩ ከብርዱ ጠቁሯል።

ከላይ የጋዲሴ ድምፅ መጣ።

"ወጣ! አባዬ፣ ወጣ! ሽቅብ እየሄደ ነው!" ከዚያ በአባቷ ቋንቋ መቁጠር ጀመረች፤ "ቶኮ… ለማ… ሰዲ…"

ጋሽ ሂርጳ እንባውን ለመጥረግ እንኳ እጁን አላነሳም። እኔ እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩም፣ ወደ እሱ ወረድኩ። ተነስ፣ እኔ ልያዝልህ፣ ሮጠህ ሂድና በዓይንህ እይ አልኩት።

"ምን ልይ? ልጄ አየች አይደል?" አለኝ።

ቦታውን አልለቀቀልኝም። ጋዲሴ ከላይ አራተኛው ወጥቶላት አፉር ስትል እሱም ከታች አፉር ይላል፤ ሸን ስትል ሸን ይላል።